የፈረስ እሽቅድምድም ማዕረጋት፦ ለመካነ ሰላምና ለአካባቢዋ የፈረስ ወዳጆች የተጻፈ መመሪያ

ከመካነ ሰላም ተነሥቶ ወደ አማራ ሳይንትና ወደ ለጋምቦ በሚዘልቀው የደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፣ ፈረስ የመንገድ ባልንጀራ፣ የሠርግ ጌጥና የበዓል ሞገስ ሆኖ ከአባቶቻችን ዘመን ጀምሮ የኖረ ስለ ሆነ፣ የአገሩ ሰው የፈረስን ጠባይ ለማወቅ ከባሕር ማዶ መምህር የሚሻ አይደለም። ነገር ግን በበዓል ወይም በሠርግ ቀን ሜዳው ሲከፈት፣ ለጋው ከጠናው፣ ባዝራዋ ከድንጉላው፣ ቀላል ጐረምሳ የተቀመጠበት ፈረስ ከባድ ጐልማሳ ከተቀመጠበት ጋር ባንድ መሥመር ተሰልፎ የተለቀቀ እንደ ሆነ፣ ቀድሞ የደረሰው ሲሞገስ ወደ ኋላ የቀረው የቀረበት ምክንያት ሳይመረመር ከነጌታው ያፍራል። ይህ እኔ እንደማምነው ለፈረሱ በደል፣ ለባለቤቱም ያለ ጥፋት የመጣ ኀዘን ነው። ስለዚህ ቶሮብሬድ የተባለውን የእሽቅድምድም ፈረስ የሚያወዳድሩ አገሮች ከሁለት መቶ ዓመት በሚበልጥ ልምድ ያወጡትን የማዕረግ ሥርዓት፣ አንባቢ ሆይ፣ ደረጃ በደረጃ እንዲረዱትና ለራስዎ ሜዳ የሚስማማውን መርጠው እንዲወስዱ ይህን መመሪያ ጽፌአለሁ።

ወሎ ፈረሰኛውን በጦር ሜዳ ያስመሰከረ አገር ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ጦርነት፣ በፈረስ ስማቸው አባ ሻንቆ የሚባሉት ራስ ሚካኤል፣ በኋላ ንጉሥ ሚካኤል፣ ያሰለፉት የወሎ ፈረሰኛ በማርያም ሸዊቶ በኩል በኢጣሊያዊው ጄኔራል ዳቦርሚዳ ጦር ላይ የሠራው ሥራ በታሪክ ጸሓፊዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ዳሩ ግን ጦርነት ያለውን ፈረስ ሁሉ ባንድነት ይጠራል እንጂ ለጋውን ከጠናው አይለይም፤ እሽቅድምድም ግን በሰላም ጊዜ የሚደረግ ፈተና ስለ ሆነ ፍርዱ እውነተኛ የሚሆነው ተፈታኞቹ አቻ ለአቻ ሲገናኙ ብቻ ነው። በአገራችንም የመለየት ልማድ ጨርሶ የለም አይባልም፤ በ1932 ዓ.ም. እንደ ተመሠረተ የሚነገርለትና በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን የሚያከብረው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ጉግሱን ለብቻ፣ ግልቢያውን ለብቻ፣ ስግሪያውን ለብቻ አድርጎ ያሳያል። ከዚህ የሚቀረው ባንዱ የጨዋታ ዓይነት ውስጥ ፈረሶቹን በማዕረግ መለየት ነው፤ የቶሮብሬድ ሥርዓት የሚያስተምረንም ይህንኑ ነው።

እንግዲህ በመጀመሪያ ደረጃ ተወዳዳሪው ማን እንደ ሆነ ይወቁ። ቶሮብሬድ ማለት በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወደ እንግሊዝ አገር የገቡ ሦስት የምሥራቅ አገር ድንጉላዎች፣ ማለት ባየርሊ ተርክ፣ ዳርሊ አረቢያንና ጎዶልፊን አረቢያን፣ ከአገሩ ባዝራዎች ጋር ተዳቅለው ያስገኙት ዘር ነው። ዛሬ በዓለም ላይ ያለው ቶሮብሬድ ሁሉ በአባት በአባቱ ሲቈጠር ከነዚህ ከሦስቱ ካንዱ ይደርሳል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንዲሁ ናቸው) በ1791 የመጀመሪያው የትውልድ መዝገብ ከታተመ ወዲህ፣ አባቱና እናቱ በመዝገብ ያልተጻፉለት ፈረስ ምንም ያህል ፈጣን ቢሆን ከዚህ ነገድ አይቈጠርም። ቁመቱ እስከ ጫንቃው 160 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ክብደቱ 500 ኪሎ ያህል ነው፤ የኛ ደጋ ፈረስ ግን በአብዛኛው ከ130 ሴንቲ ሜትር ብዙም የማያልፍ፣ ክብደቱም የዚያን ግማሽ የሚያህል ነው። ይህን ልዩነት በልብዎ ይያዙት፤ ስለ ጭነት በምንነጋገርበት ጊዜ ያስፈልገናል።

ቀጥሎ የውድድሩን ወረቀት ሲያነቡ ከሁሉ አስቀድመው ዕድሜንና ጾታን ይመልከቱ። ቶሮብሬድ በሁለት ዓመቱ መወዳደር ይጀምራል፤ ለሁለት ዓመት ልጆች ብቻ፣ ለሦስት ዓመት ልጆች ብቻ፣ ከሦስት ዓመት በላይ ለሆኑት ሁሉ እየተባለ ውድድሩ ይለያያል። የሂሳቡ ችግር እንዳይበዛ በሰሜኑ የዓለም ክፍል የተወለደ ፈረስ ሁሉ ልደቱ በአውሮፓውያን አዲስ ዓመት ቀን እንደ ሆነ ይቈጠራል፤ ስለዚህ በየካቲት የተወለደውና በግንቦት የተወለደው በሕግ ፊት እኩያሞች ናቸው። ባዝራዎች ለብቻቸው የሚወዳደሩበት ጊዜ አለ፤ ከወንዶቹ ጋር ሲገናኙ ደግሞ ክብደት ይቀነስላቸዋል።

በኛ አገር የልደት መዝገብ ስለሌለ ዕድሜን የሚመሰክረው አፍ ነው። የፈረሱን የታች ከንፈር በጣትዎ ገለጥ አድርገው የፊት ጥርሶቹን ይዩ፤ የወተት ጥርስ ትንሽ፣ ነጭና ከድዱ አጠገብ ቀጠን ያለ ሲሆን፣ ቋሚው ጥርስ ሰፋ ያለና ወደ ቢጫ የሚያደላ ነው። መካከለኞቹ ሁለቱ በሁለት ዓመት ተኩል ገደማ፣ ከነርሱ ቀጥለው በግራና በቀኝ ያሉት በሦስት ዓመት ተኩል ገደማ፣ ዳርና ዳሩ በአራት ዓመት ተኩል ገደማ ይለወጣሉ፤ በአምስት ዓመቱ አፉ ሙሉ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜ የሚገመተው በጥርሱ መፋቅና መዝመም ስለ ሆነ የሽማግሌ ዐይን ይፈልጋል፤ ነገር ግን ለማዕረግ ክፍፍል ለጋውን ከጠናው መለየት ይበቃል፣ ይህንም ትዕግሥት ያለው ሰው ሁሉ ሊሠራው ይችላል።

ዕድሜና ጾታ ከታወቀ በኋላ የማዕረጉ መሰላል ይጀምራል። የታችኛው ርከን ሜይደን የሚባለው፣ ከተወለዱ ጀምሮ አንድ ጊዜ እንኳ አሸንፈው የማያውቁ ፈረሶች ብቻ የሚገናኙበት ውድድር ነው። አንድ ፈረስ አንድ ጊዜ ካሸነፈ ወደዚህ ርከን ከቶ ተመልሶ አይገባም። ይህን ርከን የደካሞች ጉባኤ አድርገው እንዳያዩት እለምንዎታለሁ፤ የነገው ዝነኛና ዕድሜ ልኩን የማያሸንፈው ባንድ ቀን እዚሁ ቆመው ይታያሉና። ሴክሬታሪያት የተባለው አሜሪካዊ ፈረስ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1972 በመጀመሪያው ውድድሩ አራተኛ ወጥቶ፣ በሁለተኛው ከሜይደን ማዕረግ ተላቀቀ፤ በዓመቱም የቤልሞንትን ውድድር በ31 የፈረስ ርዝመት ቀድሞ፣ 2,400 ሜትሩን በ2 ደቂቃ ከ24 ሴኮንድ ፈጸመ፤ ይህም ጊዜ እስካሁን አልተሻሻለም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ክሌሚንግ የሚባለው ውድድር ለኛ ሰው ለመስማትም የሚያስደንቅ ነው። በዚህ ውድድር የገባ ፈረስ ሁሉ አስቀድሞ በተቈረጠ ዋጋ ለሽያጭ የቀረበ ነው፤ ሊገዛ የሚፈልግ ሰው ከውድድሩ በፊት ጥያቄውን በጽሑፍ ያስገባል፣ ፈረሱም ቢያሸንፍ ወይም ቢሸነፍ ከሜዳው ሲወጣ በአዲሱ ጌታ እጅ ይሆናል። የዚህ ሕግ ብልሃት ማንም ዳኛ ሳያስገድድ ፈረሶቹን አቻ ለአቻ ማገናኘቱ ነው፤ ምክንያቱም ውድ ፈረሱን በቀላሉ ለማሸነፍ ሲል በርካሽ ዋጋ ያስገባ ሰው ሽልማቱን ወስዶ ፈረሱን ሊያጣ ይችላልና። ስታይሚ የተባለው ፈረስ በ1943 ከዚህ ዓይነት ውድድር በ1,500 ዶላር ተገዝቶ፣ በመጨረሻ ከ900,000 ዶላር የሚበልጥ ሽልማት አስገኘ፤ በቅርብ ጊዜም ሪች ስትራይክ የተባለው በ2021 በ30,000 ዶላር ከተገዛ በኋላ በ2022 የኬንታኪን ደርቢ አሸንፏል። እኔ ግን ይህን ሥርዓት ለደጋችን አልመክርም፤ ፈረስ ከቤተ ሰቡ እንዳንዱ ሆኖ ባደገበት አገር በጨዋታ ቀን ከጌታው እጅ መውጣቱ ጠብ ይወልዳል እንጂ ፍትሕን አያሳድግም።

አላዋንስ የሚባለው ማዕረግ ከሜይደን የወጡ ነገር ግን ወደ ትልቁ ደረጃ ያልደረሱ ፈረሶች መሸጋገሪያ ነው። በዚህ ፈረስ አይሸጥም፤ መግቢያውን የሚወስነው የፈረሱ ታሪክ ነው፣ ለምሳሌ ከሁለት ጊዜ በላይ ያላሸነፈ፣ ወይም ከተወሰነ ወር ወዲህ ያላሸነፈ ተብሎ ይጻፋል፤ ብዙ ላላሸነፈውም ጥቂት ኪሎ ይቀነስለታል።

አሁን የነገሩ ሁሉ ልብ ወደ ሆነው ደረስን። ሃንዲካፕ በሚባለው ውድድር፣ በመንግሥት ወይም በማኅበር የተሾመ መዛኝ የያንዳንዱን ፈረስ ያለፈ ሥራ መርምሮ ቍጥር ይሰጠዋል፤ ቍጥሩ ከፍ ያለው ብዙ ክብደት፣ ዝቅ ያለው ጥቂት ክብደት ተሸክሞ እንዲሮጥ ይደረጋል። የመዛኙ ምኞት ሁሉም ፈረሶች በመጨረሻው መሥመር ላይ ባንድ ቅጽበት እንዲደርሱ ነው፤ ይህ ምኞት በሙሉ ባይፈጸምም፣ ምንም ያህል ትሑት የሆነ ፈረስ ተስፋ ይዞ እንዲሰለፍ ያደርገዋል። በእንግሊዝ ሥርዓት አንዱ የቍጥር ነጥብ አንድ ፓውንድ፣ ማለት 450 ግራም ያህል ነው፤ ስለዚህ 90 ቍጥር ያለው ፈረስ 80 ቍጥር ካለው ጋር ሲገናኝ አራት ኪሎ ተኩል ያህል ይጨመርበታል። በ1,600 ሜትር ርቀት ላይ አንድ ኪሎ ያህል ክብደት አንድ የፈረስ ርዝመት ያህል ያስቀራል ተብሎ ይገመታል።

አፈጻጸሙንም ቀርበው ቢያዩት ይህን ይመስላል፦ ጋላቢው ከነኮርቻው በሚዛን ላይ ይቀመጣል፤ ከተወሰነለት ክብደት ቢጎድል የጎደለው ያህል የእርሳስ ዝርግ ከኮርቻው ሥር በሚነጠፈው ጨርቅ ኪስ ውስጥ በግራና በቀኝ እኩል ይከተትለታል። ከውድድሩ በኋላም በዚያው ሚዛን ላይ ተመልሶ ይወጣል፤ ክብደቱ ጎድሎ ከተገኘ ያሸነፈው ድል ይሻርበታል። የአውስትራሊያው የሜልበርን ዋንጫ ከ1861 ጀምሮ በዚህ ሥርዓት የሚደረግ፣ 3,200 ሜትር የሚሮጥበት፣ ዝቅተኛው ጭነት 50 ኪሎ የሆነ ውድድር ነው። በ1890 ካርባይን የተባለው ፈረስ 66 ኪሎ ያህል ተሸክሞ 38 ተወዳዳሪዎችን ቀድሟል፤ ማካይቢ ዲቫ የተባለችው ባዝራ ከ2003 እስከ 2005 ሦስት ዓመት አከታትላ ስታሸንፍ በየዓመቱ ጭነቷ እየተጨመረ በመጨረሻ 58 ኪሎ ደርሶ ነበር። የፈረስ ክብር በጭነት የሚለካበት ይህ ውድድር፣ በእኔ አስተያየት፣ ከሁሉ ይልቅ ትምህርት የሚሰጥ ነው።

ከሃንዲካፑ በላይ ያለው ማዕረግ ግን በተቃራኒ መንገድ ይሄዳል፤ በዚያ እንደ ሃንዲካፑ በቍጥር የሚመዘን ጭነት በአብዛኛው የለም፣ የሚፈለገው ማን በእውነት እንደሚበልጥ ማወቅ ነውና። ሊስትድ ተብሎ የሚጀምረው ይህ ክፍል ወደ ሦስተኛ፣ ወደ ሁለተኛና ወደ አንደኛ ግሩፕ ይወጣል፤ በአውሮፓ በ1971 የተደነገገ ሲሆን፣ በአሜሪካም ከ1973 ጀምሮ ግሬድ በሚል ስም ይሠራበታል። ውድድሩ በማዕረጉ የሚጸናው በውስጡ የሮጡት ፈረሶች ቍጥር ሲመሰክርለት ነው፤ አንደኛ ግሩፕ 115፣ ሁለተኛ 110፣ ሦስተኛ 105፣ ሊስትድ 100 ያህል ቍጥር ያላቸውን ፈረሶች ይጠይቃል። አሥራ አራት ጊዜ ሮጦ አሥራ አራቱንም ያሸነፈው ፍራንክል 140 ቍጥር ደርሶ ነበር። በአንደኛው ግሩፕ የሚቀረው የክብደት ልዩነት በአብዛኛው የዕድሜንና የጾታን ልዩነት ብቻ የሚያስተካክል ነው፤ በፓሪስ በሚደረገው በአርክ ደ ትሪዮምፍ ውድድር፣ አራት ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው ወንድ 59.5 ኪሎ ሲሸከም የሦስት ዓመቱ 56.5 ኪሎ ይሸከማል፤ ለባዝራዎችም 1.5 ኪሎ ይቀነሳል።

ለሦስት ዓመት ልጆች ብቻ የሚደረጉት አምስቱ የእንግሊዝ ክላሲኮች፣ ሴንት ሌጀር ከ1776፣ ኦክስ ከ1779፣ ደርቢ ከ1780፣ ሁለቱ ጊኒዎችም ከ1809ና ከ1814 ጀምሮ የኖሩ፣ የዚህ ማዕረግ ዘውዶች ናቸው፤ አንድ ፈረስ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ይገባባቸዋል። አጥር እየዘለሉ የሚሮጡት ውድድሮች የራሳቸው መሰላል ስላላቸው ከዚህ ጋር እንዳያደባልቋቸው።

እንግዲህ የውድድር ወረቀት በእጅዎ ሲገባ ንባብዎ በዚህ ተራ ይሁን፦ አስቀድመው ለማን ዕድሜና ጾታ እንደ ተፈቀደ፣ ከዚያም ማዕረጉን፣ ቀጥሎ ርቀቱን፣ በመጨረሻ የያንዳንዱን ጭነት ያንብቡ። ከሜይደን ትናንት የወጣ ፈረስ ዛሬ በሦስተኛ ግሩፕ ተጽፎ ቢያዩት ጌታው ትልቅ ተስፋ እንደ ጣለበት ይረዳሉ፤ በግሩፕ ይሮጥ የነበረው በክሌሚንግ ዋጋ ተቈርጦለት ቢያገኙት ደግሞ እግሩ ወይም እስትንፋሱ እንዳልሆነለት ይጠርጥሩ። የቀደመበትን ርቀት ብቻ አይተው አይፍረዱ፤ በዝቅተኛው ርከን በሰፊ ርቀት የቀደመ ፈረስ በላይኛው ርከን ከመጨረሻዎቹ ጋር ሊደርስ ይችላልና።

ይህን ሁሉ ከተረዱ በኋላ ወደ ራስዎ ሜዳ ይመለሱ። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ በላይዋ ያለው ደጋ ደግሞ ከዚያም የሚበልጥ ነው። በቀጭኑ አየር ላይ የሚሮጥ ትንሽ ፈረስ እንደ እንግሊዙ ደርቢ 2,400 ሜትር ይሩጥ ማለት ጭካኔ ነው። ለጀማሪዎች ከ600 እስከ 800 ሜትር፣ ለጠኑት 1,600 ሜትር ይበቃል። ሜዳውን በዋዜማው በእግርዎ ይዙሩት፤ የአይጥ ጕድጓድና የተሸሸገ ድንጋይ ካለ ይድፈኑ፣ ይልቀሙ። ቋሚ ጥርስ ያላወጣ ለጋ፣ ያረገዘች ወይም የምታጠባ ባዝራ፣ የሚያነክስ ወይም ጀርባው የቈሰለ ፈረስ በማንኛውም ማዕረግ አይሰለፍ፤ ይህን የሚወስኑ ሁለት ሽማግሌዎችና ቢገኝ አንድ የእንስሳት ሐኪም ይሁኑ፣ ፍርዳቸውም ይግባኝ የሌለው ይሁን።

ከዚያ ሦስት ማዕረግ ብቻ ያውጡ፤ በመጀመሪያ ዓመት ከዚህ የበዛ ግራ ያጋባል። የመጀመሪያው በሜዳዎ አሸንፈው ለማያውቁ ሁሉ ይሁን፤ ሁለተኛው አንድ ጊዜ ወይም ሁለት ጊዜ ላሸነፉ፣ ጭነታቸው እየተመዘነ የሚሮጡበት ይሁን፤ ሦስተኛው ያለ ምንም ማስተካከያ የአገሩ ዋና ፈረስ የሚታወቅበት፣ ጋላቢዎቹ ግን ከነኮርቻቸው እኩል ክብደት የሚይዙበት ይሁን። በመካከለኛው ማዕረግ ጥንቃቄ ይሻል። 500 ኪሎ የሚመዝን ቶሮብሬድ 57 ኪሎ ሲሸከም ጭነቱ ከራሱ ክብደት አንድ ዘጠነኛ ያህል ነው፤ 240 ኪሎ የሚመዝን የደጋ ፈረስ ጋላቢውንና ኮርቻውን ባንድነት 70 ኪሎ ሲሸከም ግን ከሲሶው ብዙ የማያንስ ነው። ስለዚህ በባሕር ማዶ ሦስት ኪሎ የሚጨመርበት ቦታ እዚህ አንድ ኪሎ ተኩል ይበቃል፤ የጋላቢዎቹም የክብደት ልዩነት ከሁሉ በላይ ሊመረመር ይገባዋል።

ሚዛኑ ለእህል መመዘኛ የሚያገለግለው የወፍጮ ቤት ሚዛን ይሁን። እያንዳንዱ ጋላቢ ኮርቻውን፣ ግላሱንና እርካቡን ይዞ ይውጣበት፤ ልጓሙና ዛቡ አይቈጠርም። ከሁሉ የከበደው ወሰን ሆኖ ሌሎቹ የጐደላቸው በደረቅ አሸዋ ይሞላ፤ 55 ኪሎ የመጣው ጐረምሳ 62 ኪሎ ከመጣው ጋር እንዲተካከል ሰባት ኪሎ አሸዋ ይያዝ። አሸዋው በሁለት ትንንሽ የሸራ ከረጢት እኩል ተከፍሎ፣ ከኮርቻው ፊት በጫንቃው ግራና ቀኝ ተጣብቆ ይታሰር፤ ወደ ወገብ የተንጠለጠለ ጭነት የፈረሱን ጀርባ ይሰብራል፣ የላላ ከረጢትም ጎኑን እየመታ ያስደነግጠዋል። በመካከለኛው ማዕረግ ደግሞ ባለፈው ውድድር በሰፊ ርቀት የቀደመው ፈረስ በዚህ ላይ አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ይጨመርበት፤ ባዝራ ከሆነች አንድ ኪሎ ይቀነስላት። በገንዘብ መወራረድ ግን በሜዳው እንዳይገባ አደራ እላለሁ፤ በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም የማይወደድ ነገር በሕዝብ ደስታ መካከል ሥፍራ ሊያገኝ አይገባምና።

በመጨረሻ መዝገብ ይኑርዎ። ባንድ ተራ ደብተር ለያንዳንዱ ፈረስ አንድ ገጽ ሰጥተው ስሙን፣ መልኩን፣ ጥርሱ የሚያመለክተውን ዕድሜ፣ ከታወቀም አባቱንና እናቱን ይጻፉ፤ በየውድድሩ ደግሞ ቀኑን፣ ማዕረጉን፣ ርቀቱን፣ የተሸከመውን ኪሎ፣ በስንተኛነት እንደ ደረሰና ከፊተኛው በስንት የፈረስ ርዝመት እንደ ቀረ ያስገቡ። ውድድሩ እንዳለቀ ፈረሶቹ እስትንፋሳቸው እስኪረጋ በእርጋታ ሲመላለሱ፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጋላቢዎች ከረጢታቸውን ሳይፈቱ ወደ ሚዛኑ ይመለሱ፤ ክብደቱ ልክ ከሆነ ውጤቱ በዚያው ሰዓት ተጽፎ በሁለቱ ሽማግሌዎች ፊርማ ይጽና፣ የሚቀጥለው በዓል ጭነትም ከዚያ ገጽ ይቈረጥ።